ነነዌ ንስሐ ባትገባስ?

በስደት በምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ፣ በዐውደ ምሕረትም ይሁን በሥነ ጽሑፍ ምሽት፣ አንድ ንግግር ደጋግሞ ይሰማል። ዘመኑ ታሟል፤ ሕመሙም እግዚአብሔርን መርሳት ነው፤ ምዕራቡ እምነቱን ጥሎ ባዶውን ቀርቷል፤ እኛም ልጆቻችንን ይዘን እዚያው ባዶ ቤት ገብተናል፤ መድኃኒቱ ወደ አባቶች ሃይማኖት መመለስ ብቻ ነው። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ቁጥሩ አነስ ያለ፣ ድምፁ ግን ያላነሰ ሌላ ወገን አለ። ለእሱ የችግሩ ሥር ሃይማኖት ራሱ ነው፤ የእምነት አባቶች ያልባረኩት ጦርነት የለምና የሕሊና ጉዳይ ከእንግዲህ ለደራሲውና ለአሳቢው ይተው ይላል።

ሁለቱ ወገኖች ባላንጣዎች ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱም በሽታውን የሚያገኙት ሁልጊዜ በሰው ቤት ነው። አማኙ በማያምነው ቤት ያገኘዋል፣ የማያምነውም በአማኙ ቤት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለሁለቱም ይበቃቸው ነበር። ነገሩ ግን በተረት ብቻ የሚዘጋ አይደለም፤ ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ ምርመራ ሰው ሲያስፈጅ የታየበት አገር አለ።

ያ አገር ሃንጋሪ ነው። በንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ጥናቴ ደጋግሜ የምመለስባቸው ሦስት ሃንጋሪያውያን አሉ፦ ገጣሚው ሚሃይ ባቢች፣ የፖለቲካ አሳቢው ኢሽትቫን ቢቦ እና ገጣሚው ያኖሽ ፒሊንስኪ። ሁለቱ ገጣሚዎች ካቶሊኮች፣ ቢቦ ደግሞ የካልቪንን ትምህርት ከምትከተለው የሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ነው። አገራቸው ዛሬ የምንከራከርባቸውን ሁለቱንም መድኃኒቶች ሞክራ አይታለች፤ ከ1920 እስከ 1944 በይፋ «ክርስቲያናዊና ብሔራዊ» ነኝ በሚል መንግሥት፣ ከ1948 በኋላ ደግሞ ሃይማኖትን እንደ ጠላት ባየ መንግሥት ተገዝታለች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው መድኃኒት ልጀምር፤ ዛሬም ሃንጋሪን በአርአያነት የሚጠቅሱ ወገኖች አሉና። በ2011 የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ ክርስትና ሕዝቡን ጠብቆ በማቆየት ለነበረው ሚና በመግቢያው እውቅና ይሰጣል። «አንድ የአውሮፓ አገር እንኳ አልካደም» እየተባለ ይወደሳል። ይህ ቋንቋ ግን በቡዳፔስት አዲስ አይደለም። ሃንጋሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ፣ በ1919 ለ133 ቀናት በኮሚኒስቶች ተገዝታ፣ በ1920 በትሪያኖን ውል ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን ስታጣ፣ «ይህ ሁሉ ለምን ደረሰብን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የተሰጠውም መልስ ሞራላዊ ነበር፦ የክርስትና መንፈሳችንን ስላጣን ነው። ከዚህ መልስ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ማን አሳጣን?

ይህን መልስ ከሰጡት ሁሉ ብሩሁ ጳጳስ ኦቶካር ፕሮሃስካ ነበሩ። ፕሮሃስካን እንደ መሃይም አክራሪ መሳል ስሕተት ነው። ስለ ሠራተኛው ድህነት የሚቆረቆሩ፣ ሳይንስንና እምነትን ለማስታረቅ የደከሙ፣ ከዚህም የተነሣ በ1911 ሦስት ሥራዎቻቸው በሮም የተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ የገቡባቸው ጸሐፊ ነበሩ። የዘመኑን ሕመም ከብዙዎች በፊት አይተዋል። ነገር ግን ሕመሙን ሲመረምሩ ጣታቸው በአይሁዱ ላይ አረፈ። በ1920 የወጣውን፣ አይሁዶችን በስም ሳይጠራ በዩኒቨርሲቲ የሚኖራቸውን ቁጥር ለመቀነስ የታለመውን ሕግ ደገፉ። ሊቅነታቸውም ጸሎታቸውም ከዚህ አልጠበቃቸውም።

ከዚያ ግንቦት 1938 መጣ። በዚያ ወር መጨረሻ ቡዳፔስት ዓለም አቀፉን የቅዱስ ቁርባን ጉባኤ አስተናገደች። በቀጣዩ ዓመት ፒዮስ 12ኛ ተብለው የተሾሙት ካርዲናል ፓቼሊ የሮም እንደራሴ ሆነው መጡ። ቅዱስ ቁርባኑ በመርከብ ሆኖ በዳኑብ ወንዝ ላይ በሌሊት ዑደት ተደረገ። ጉባኤው በተካሄደበት በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው የአይሁድ ሕግ ታወጀ፤ በተለያዩ ሙያዎች ውስጥ የአይሁዶችን ድርሻ በ20 በመቶ የሚገድብ። በላይኛው ምክር ቤት በሥልጣናቸው የሚቀመጡት የካቶሊኮቹ ካርዲናል ዩስቲኒያን ሼሬዲና የሪፎርምዱ ጳጳስ ላስሎ ራቫስ ሕጉን ደገፉ። በ1939 የመጣውን የከፋውን ሁለተኛ ሕግም አላስቆሙም፤ ትልቁ ቅሬታቸው ወደ ክርስትና የተመለሱት አይሁዶች ለምን ይነካሉ የሚል ነበር። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በግንቦት መጀመሪያ 59 ክርስቲያን ጸሐፍት፣ አርቲስቶችና ምሁራን በጋዜጣ ተቃውመዋል፤ ከእነሱም መካከል የሙዚቃ ሊቆቹ ባርቶክና ኮዳይ፣ ደራሲው ዢግሞንድ ሞሪች ነበሩ። አልተሰሙም።

«እነዚያ ጳጳሳት እውነተኛ ክርስቲያኖች አልነበሩም» የሚል መልስ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ይህ መልስ እጅግ ምቹ ነው፤ ቤቱን ሳይነካ ሰዎቹን ብቻ ከቤት ያስወጣል። ራቫስ በዘመናቸው ከነበሩት ሰባኪዎች ሁሉ የላቁ ነበሩ፤ ሼሬዲም የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሊቅ ናቸው። እውነተኛ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው። በ1944 ጀርመን አገሪቱን ከያዘች በኋላ፣ ከግንቦት 15 እስከ ሐምሌ 9 ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ 437,000 ያህል ሰዎች በሃንጋሪ ፖሊሶች እጅ ተሰብስበው በባቡር ተጫኑ፤ አብዛኞቹም ወደ አውሽቪትስ። ካርዲናሉ የተቃውሞ መልእክት ጻፉ። መልእክቱ ለንባብ ከመድረሱ በፊት ግን ከመንግሥት ጋር ድርድር ተደርጎ ታገደ፤ ምእመኑ የሰማው ጥቂት መስመር ማስታወቂያ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በክፍላተ አገር የሚጫን አይሁድ አልቀረም ነበር።

በአንጻሩ ባቡሮቹ መንቀሳቀስ በጀመሩ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 18፣ ጳጳስ ማርቶን አሮን በኮሎዥቫር ከተማ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቆመው ግፉን በግልጽ አወገዙ። ከዚያም ወደ ከተማይቱ እንዳይመለሱ ተከለከሉ። ቀድሞ ጋዜጠኛና ደራሲ የነበረችው መነኵሲት ሻራ ሻልካሃዚ ደግሞ አይሁዶችን በመደበቋ ታኅሣሥ 27 ቀን 1944 ከሸሸጓቸው ሰዎች ጋር በዳኑብ ዳር በጥይት ተገደለች። ከስድስት ዓመት ተኩል በፊት ቅዱስ ቁርባኑ የዞረበት ወንዝ ነው። እነዚህ ሁለቱና ካርዲናሉ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ጸሎት፣ አንድ ቅዳሴ ነበራቸው። እንግዲያው «ወደ ሃይማኖት እንመለስ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ወደ የትኛው?

ወደ ሦስቱ ጸሐፍት ልምጣ።

ባቢች «ኒዩጋት» የተባለው ታላቅ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በ1938 የጉሮሮ ካንሰር ይዞት፣ በቀዶ ሕክምና ምክንያት ድምፁ ተዘግቶ፣ ከሰው ጋር በማስታወሻ ደብተር እየጻፈ በሚነጋገርበት ጊዜ ነው «የዮናስ መጽሐፍ» የተባለውን ረጅም ግጥሙን ያሳተመው። መናገር የተሳነው ሰው መናገር ስላልፈለገ ነቢይ ጻፈ። ይህ ግጥም ዛሬም የሚጠቀሰው በአብዛኛው ለአንድ ሐሳቡ ነው፦ በበደለኞች መካከል ዝም ያለ የበደሉ ተካፋይ መሆኑ። በየአገሩ ያሉ ተከራካሪዎች ይህን አሳብ እንደ ዱላ ይዘው «ለምን ዝም አልክ?» እያሉ እርስ በርስ ይደባደቡበታል።

እኛ ደግሞ ዮናስን ከማንም በላይ የምናውቅ ሕዝብ ነን። በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን የምንጾመው በእሱ ታሪክ ነው። በእኛ ልብ ውስጥ ያለችው ነነዌ የምትመለስ ከተማ ናት፤ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ይለብሳል፣ ከብቱ ሳይቀር ይጾማል። ባቢች ግን ይህንን ከታሪኩ አወጣው። በእሱ ግጥም ዮናስ በገበያው ይጮኻል፣ ሻጮቹ ይሥቁበታል፤ ወደ ተዋንያኑ ሰፈር ይሄዳል፣ ያላግጡበታል፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይገባል፣ መዘባበቻ ይሆናል። ከተማይቱ ንስሐ አትገባም። ምናልባት በጥቂት ሰዎች ልብ ውስጥ ቃሉ እንደ ዘር ወድቋል፤ ሌላ የለም። እግዚአብሔርም እንዲያው ይምራታል። ዮናስ ይናደዳል፤ የተናገረው እሳት እንዲወርድ ይፈልጋል። የሚሰጠው መልስ የነቢዩ ድርሻ መናገር እንጂ መፍረድ አለመሆኑን ያስተምረዋል።

ስለዚህ ግጥሙን በዱላነት የሚይዙት ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው ያነበቡት። ዮናስ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ መጀመሪያ ሲሸሽ፣ ኋላ የከተማይቱን ጥፋት በጉጉት ሲጠብቅ። ሁለተኛው ስሕተት የእኛ ነው። ስለ ዘመኑ ውድቀት የምንናገረው ውድቀቱ እንዲፈጸምና እውነተኞች እንድንባል እየናፈቅን ነው። ልጆቻችን ያደጉበት ከተማ ሲሰናከል «ብለን ነበር» ለማለት ከቅል ጥላው ሥር ተቀምጠናል።

ቢቦ ከዚህ በላይ ሄዷል። በ1944 በፍትሕ ሚኒስቴር ሲሠራ ለአይሁዶች ከለላ የሚሆን ወረቀት በመስጠቱ ታስሯል፤ ስለዚህ «እኔ የለሁበትም» ለማለት ከማንም የበለጠ መብት ነበረው። አላለም። በ1948 «ቫላስ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ አይሁድ ጉዳይ ባወጣው ረጅም ጽሑፍ የሃንጋሪን ኅብረተሰብ አንድ በአንድ መረመረ፤ ባለሥልጣኑን፣ መካከለኛውን መደብ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ጭምር። ከሁሉ የከበደው ነጥቡ እንዲህ ይመስለኛል፦ ከ1938 ጀምሮ የወጡት ሕጎች የጎዱት አይሁዶችን ብቻ አልነበረም፤ ሌላውን ሕዝብ ኑሮ የሚሻሻለው በሥራ ሳይሆን የሌላውን ቦታ በመውሰድ እንደሆነ አስለመዱት። ሱቅ፣ የሥራ መደብ፣ ቤት በሕጋዊ ወረቀት ከጎረቤት እጅ ሲወጣ ያየና የተቀበለ ሕዝብ፣ ባቡሩ ሲመጣ የሚጮኽበት ጉሮሮ አይኖረውም። የሞራል ቀውስ የሚባለው ለቢቦ ይህ ነው፤ የእምነት መቀዝቀዝ ሳይሆን የጎረቤትን ንብረት ያለ ኀፍረት መረከብ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። ቢቦ የጳጳስ ራቫስ ልጅ ባል ነው። ጽሑፉ በወጣበት ዓመት ራቫስ በኮሚኒስቶች ግፊት ከመንበራቸው እንዲወርዱ ተደርገው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እየተገፋች ባለችበት ሰዓት የቤተ ክርስቲያንን በደል መጻፍ ለገፊዎቿ መሣሪያ ማቀበል አይደለም? በእኛ መካከል በየቀኑ የሚሰማው ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ወገኔ እየተገደለ እንዴት የወገኔን ጥፋት ልጻፍ? ለጠላት አሳልፌ ልስጠው?» ቢቦ ይህን ጥያቄ ከእኛ በበለጠ ቅርበት፣ በአማቹ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ያውቀዋል። ጻፈ። የጻፈውም ገዢዎቹን ለማስደሰት አልነበረም፤ እነሱም በ1950 ከዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ አስወጡት። በ1956 ሕዝቡ ሲነሣ ሚኒስትር ሆነ፤ የሶቪየት ታንኮች ኅዳር 4 ቀን ሲገቡ በፓርላማው ሕንፃ ቀርቶ የመንግሥቱን መግለጫ በታይፕ ይጽፍ ነበር። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1963 በምሕረት ወጣ። የራሱን ወገን በደል የጻፈው ሰውና ለወገኑ ነጻነት እስር ቤት የገባው ሰው አንድ ነው። «ራስን መውቀስ ወገንን መክዳት ነው» ለሚለው ሙግት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ፒሊንስኪ ስለ በደል ሲጽፍ ድምፁ ከሁለቱም ያነሰ ነው። በ1944 መኸር ወታደር ሆኖ ተመልምሎ ከሚያፈገፍገው ጦር ጋር ወደ ጀርመን ተወሰደ፤ እዚያም የካምፕ እስረኞችን አየ። ከ1946 እስከ 1959 ድረስ የግጥም መድብል ማሳተም አልቻለም። በ1959 የወጣው መጽሐፉ ርእስ «በሦስተኛው ቀን» የሚል ነው፤ ጸሎተ ሃይማኖትን የሚያውቅ አንባቢ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይረዳል። በውስጡ ያለው «የራቨንስብሩክ ሕማማት» የተባለ አጭር ግጥም አንዲት ሰዓት ብቻ ያሳያል፤ አንድ እስረኛ ከሌሎቹ ተለይቶ ይወጣል፣ በዝምታው መካከል ይቆማል፣ ይወድቃል። የእግዚአብሔር ስም የለም። ውግዘት የለም። ሃይማኖታዊ ቃል ቢኖር ርእሱ ላይ ያለው «ሕማማት» ብቻ ነው። ያ አንድ ቃል ግን ሁሉንም ይገለብጣል፤ ዓርብ ስቅለት የምንሰግድለት መከራ በካምፑ ውስጥ ያለ ስም የሌለው ሰው መከራ ነው ይለናል። በቤተ ክርስቲያን እየሰገደ በመንገድ ላይ ያለውን ያላየ ሰው ለማን ሰገደ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልዙር፤ ፈገግ ብሎ ሲሰማኝ ቆይቷልና። «እነሆ ሃይማኖት ያደረገውን አየህ፣ ሥነ ጽሑፍ ነው የሚያድነን» ይላል። በ1937 ዮዤፍ ኤርዴይ የተባለ የታወቀ ገጣሚ አይሁዶች ሕፃን ለደም አርደዋል የሚለውን፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞ በፍርድ ቤት ውድቅ የሆነውን የቲሳኤስላር ክስ በግጥም እንደገና ሕይወት ዘራበት። ያን ያደረገው ጳጳስ አልነበረም፣ ግጥም የሚያውቅ ሰው ነው። ባቢች ራሱ በ1928 ስለ ጸሐፍት ክህደት ሲጽፍ፣ የፈረንሳዊውን ዡልየን ቤንዳን መጽሐፍ መነሻ አድርጎ፣ የከሰሰው የገዛ ጓዶቹን ነው፤ እውነትን ለወገን ስሜት የሸጡትን ባለ ብዕሮች። ከ1948 በኋላም ሃይማኖት ከሥልጣን ሲወርድ የተተካው ነጻ ሕሊና አልነበረም። ስለ ዘመኑ ቀውስ የጻፈው ቤላ ሃምቫሽ በፈላስፋው ሉካች ከተተቸ በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ሥራው ተባረረ፤ በኋላም በኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ኖረ። የፒሊንስኪን ግጥም ከቅዳሴው ለይቶ ማንበብም ልቡን አውጥቶ ሰውነቱን እንደ መመርመር ነው። ሥነ ጽሑፍ ከሃይማኖት የተሻለ መሸሸጊያ አይደለም፤ ሁለቱም እውነቱን ከደጅ ሊያስቀሩ ይችላሉ፣ ሁለቱም ሊያስገቡ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት የሃንጋሪን ታሪክ በእኛ ላይ ለመለጠፍ አይደለም፤ አይገጥምም፣ መግጠምም የለበትም። የጥያቄው አቀራረብ ግን ይመለከተናል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በሌሎች ክልሎች በቀጠለው ደም መፋሰስ፣ በስደት ያለው ጸሐፊም ሰባኪም ያልተናገረበት ሳምንት አልነበረም። ስለዚህ ችግራችን ዝምታ ነው ለማለት ይከብደኛል። «የእኛ ሰው ተገደለ» ሲባል ሻማ አብርተናል፣ ግጥም አንብበናል፣ ሰልፍ ወጥተናል። «የእኛ ሰው ገደለ» ሲባል ግን «ገና አልተጣራም»፣ «ጊዜው አይደለም»፣ «እነሱስ?» ብለናል። ይህ በሁሉም ወገን ነው፤ የትኛውም ቋንቋ፣ የትኛውም አጥቢያ፣ የትኛውም የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ከዚህ ነጻ ሲወጣ አላየሁም። በዚያው አፍ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ስለ ምዕራቡ የሞራል ውድቀት እንሰብካለን።

እኔ የምጠይቀው ሃይማኖቱ ይቅር አይደለም፣ ሥነ ጽሑፉ ይቅር አይደለም። የምጠይቀው ትንሽና አስቸጋሪ ነገር ነው። ስለ ዘመናችን የሞራል ቀውስ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ምሳሌ ከራሱ ወገን ያምጣ። በደለኛው የእሱን ቋንቋ የሚናገር፣ በእሱ ታቦት የሚምል፣ በእሱ ማኅበር ወርኀዊ መዋጮ የሚከፍል ይሁን። ያንን በስሙ ጠርቶ ከጻፈ በኋላ ስለ ምዕራቡ፣ ስለ ኢ-አማኒው፣ ስለ ማዶው ብሔር የሚለውን ሁሉ በጽሞና እንሰማዋለን። ካልጻፈ ግን ጩኸቱ ከቅሉ ሥር የተቀመጠው የዮናስ ጩኸት ነው።

ነነዌ ንስሐ ባትገባስ? በባቢች ግጥም አልገባችም፤ ዮናስም ከመናገር አልተፈታም። ወገናችን ላይሰማን ይችላል፣ ሊሥቅብንም ይችላል፣ ከማኅበሩ ሊያስወጣንም ይችላል። የሚቀጥለው ጾመ ነነዌ ሲመጣ ሦስቱን ቀን የሌላውን ከተማ ኃጢአት ስንቆጥር አናሳልፈው። የምንኖርባትን ነነዌ እኛው እናውቃታለን፤ በየትኛው ሰፈሯ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገው፣ ማን አይቶ እንዳለፈ እናውቃለን። ከዚያ እንጀምር።